እጃችንን ያነሳንበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ ነበር። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ልጆቼም «እማዬ፣ ምን ጎደለሽ? የምትፈልጊውን በስልክ እናዝዝልሻለን» ይሉኛል። ጨርቅ በስልክ ይታያል እንዴ? በጣት ካልተዳሰሰ ምኑን ገዛሁት! ብቻ ወረድኩ። ከአንዱ ሕንፃ ሥር፣ ደረጃው አጠገብ፣ ልብስ የሚያስተካክል ሰፊ ካውያውን ናይለን ላይ እንደጣለ ረስቶ ከደንበኛው ጋር ይጨቃጨቃል። የሚቃጠለው ናይለን ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቀጥ አለ። ሰፊው አይቶኝ «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለና የተቀመጠበትን ዱካ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ካውያህን አንሳ» አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ? ስንትና ስንት ዘመን ያለፈውን ነገር ከየት ጀምሬ ልንገረው?

ያኔ ሱቄ ከሶማሌ ተራ ወደ ውስጥ የምትገባው ጠባብ መንገድ አፍ ላይ ነበር። መንገዷ ዛሬ የለችም፣ ሕንፃ በልቷታል። ሱቅ ስላችሁ ደግሞ መስታወትና መብራት እንዳይታያችሁ። ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት ጎጆ ናት። የምሸጠው ሻሽ ነው። ባለ አበባው ናይለን ሁለት ብር ከሃምሳ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ክር ያለው አራት ብር፤ እሱንም ተከራክረውኝ በሦስት ብር ከስሙኒ ይወስዱታል። ሻይ በስሙኒ፣ ሳንቡሳ በስሙኒ። ወንዶቹ ከጉልበት በታች የተንቦረቀቀ ሱሪ ለብሰው መንገዱን በነፃ ይጠርጉልናል፤ ሴቶቹ ጠጉራቸውን አፍሮ አበጥረው ሻሼ አልበቃ ይላቸዋል። ፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት አንድ ዘፈን ከያዘ ሳምንቱን ሙሉ አይለቅም፤ ሳናውቀው ዋጋ ስንጠራ እንኳ በዜማው እንጠራ ነበር። ከንጋት ጀምሮ አትክልት ተራ ሲያራግፉ ያደሩ ኩሊዎች «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ በእኛ በኩል አቋርጠው፣ የሽንኩርት ሽታቸውን ጥለውልን ያልፋሉ። ዛሬ ያን ሁሉ ጩኸት ሳስበው፣ እውነቴን ነው፣ ደስታ ይመስለኛል። ያኔ ግን ራስ ምታት ነበር።

ጎረቤቴ ነስሩ ነው። ስፖንጅ ፍራሽና የፕላስቲክ ምንጣፍ ይሸጣል። የጉራጌ አገር ሰው፣ ከሊስትሮ ተነስቶ በላቡ ሱቅ የገባ። በኋላ መካ ደርሶ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ሲለው እኔ «አንተ ነስሩ» ማለቴን አልተውኩም፤ እሱም ቅር አይለውም። ዓርብ ለጁምዓ ሲሄድ ሱቁን እኔ አይለታለሁ፤ እኔ ለማርያም ሳስቀድስ የእኔን እሱ ያይልኛል። ከሱቁ በላይ ቆጥ አሠርቶ ትርፍ ፍራሹን ያከማችበታል፤ ምሳውን ከበላ በኋላም በመሰላል እዚያ ወጥቶ ጋደም ማለት ይወዳል። «ተኛህ እንዴ አንተ?» ስለው «ሸቀጤን እየሞከርኩ ነው» ይለኛል ከላይ። ዛሬ ልጆቼ ካሉበት ሕንፃ ውስጥ የጎረቤቱን ስም የሚያውቅ አንድ ነጋዴ ብታገኙ ንገሩኝ።

እንግዲህ ወደ ሻምበል ልምጣ። ሻምበል ንጉሤ የእሳት አደጋ አዛዥ ነበሩ፤ የአንድ ጣቢያ አይደለም፣ የከተማው። ሲጀምሩ የውሃ ጎማ ጎታች ነበሩ፣ ቀጥሎ የቀዩ መኪና ሾፌር፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ አዛዥ ሆኑ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪያቸው ሁልጊዜ በተኩስ ቀጥ ያለ፣ የግራ ጆሯቸው ጫፍ በቃጠሎ የተጨማደደ ሰው ናቸው። አዛዥ የሆነ ሰው ቢሮው ይቀመጣል አይደል? እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ በእግራቸው መርካቶ ይገባሉ። ከኋላቸው ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አንድ የባሕር ዛፍ ዘንግ በአግድም ይዘው ይከተላሉ። ዘንጉ በልክ የተቆረጠ ነው፤ የቀዩ መኪና ስፋት፣ ከዚያ በዚህ በኩል አንድ ስንዝር፣ በዚያ በኩል አንድ ስንዝር። በመንገዱ መሃል ይዘውት ይሄዳሉ፤ ዘንጉ የነካው ዕቃ ይገባል። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

መርካቶን የማያውቅ «ታዲያ ይህ ምን ያስቆጣል?» ይል ይሆናል። እኛ ዘንድ ሱቅ ማለት መነሻ ነው። ዕቃ ወደ ፊት ይወጣል። ዛሬ አንድ ስንዝር፣ ለበዓል አንድ ክንድ፣ ከላዩ ሸራ፣ ከሸራው ሥር የእንጨት መደብ፣ ከመደቡ ፊት ደግሞ ካርቶን። ውስጥ ያለኝ ቦታ ውጭ ካለኝ መደብ ግማሹን አያህልም ነበር። ቅዳሜ ደግሞ የክፍለ ሀገር ሰው ጭምር የሚጎርፍበት ዋናው ገበያ ነው። ልክ ሰዉ ሲሞቅ ያ ዘንግ ብቅ ይላል። ፖሊስ የለ፣ ቅጣት የለ፣ ስድብ የለ። ቢሰድቡንማ በስንት ጣዕሙ፣ እንሰድባቸው ነበራ! እሳቸው ጎንበስ ብለው «እንደምን አደርሽ ዘነበች፣ ልጆች ደህና?» ይሉና መደቤን በገዛ እጃቸው በአንድ በኩል ያነሳሉ። አዛዥ እያነሳ እኔ እጄን አጣጥፌ ልቁም? በሌላው በኩል አነሳለሁ። አንጀቴ እያረረ አነሳለሁ።

«ምነው ሻምበል፣ ደግሞ በገበያ ቀን?» አልኳቸው አንድ ጊዜ፣ ንዴቴ አፌ ላይ ደርሶ።

«ታዲያ በሌላ ቀን ብመጣ ዕቃሽ የት ድረስ እንደሚወጣ በምን አውቃለሁ?» አሉኝና ወደ ነስሩ ምንጣፍ አለፉ።

የዘመኑን ፖለቲካ ተዉት፤ ማን ወጥቶ ማን እንደወረደ እኔም ተምታቶብኛል። አንድ ነገር ግን አልረሳም፤ የቀበሌ ሊቀ መንበር ይመረጥ ተባለ። ምርጫው በአዳራሽ፣ እጅ በማውጣት ነው። በዚያው ሰሞን እሑድ የዕድራችን ስብሰባ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሻምበል ዘንግ። አንዱ አቤቱታ እንጻፍ ይላል፣ አንዱ ሽማግሌ እንላክባቸው ይላል። እኔ ነኝ ያልኩት። ዛሬ እንኳ ስጽፈው እጄን ይከብደኛል፤ እኔ ነኝ። «እንሹማቸው» አልኩ። ሰዉ ዞሮ አየኝ። «ሹመት የያዘ ሰው ዘንግ አይዝም። ሊቀ መንበር እናድርጋቸው፤ ስብሰባው ራሱ ቅዳሜያቸውን ይበላላቸዋል። እኛም ወንበር ላይ የራሳችን ሰው አለን ማለት ነው።»

ነስሩ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ወላሂ ዘነበች፣ ሸይጣን ራሱ አንቺ ዘንድ ትምህርት ቤት ይገባል!» አለኝ። ደስ አለኝ። ሰው ብልጥ ሲለኝ ደስ የሚለኝ ሴት ነበርኩ፣ ምን ልበል? እስከ ሐሙስ እኔና እሱ ሱቅ ለሱቅ ዞረን ነገሩን ጨረስነው።

የምርጫው ቀን ሻምበል እንደ ማንኛውም የሰፈሩ ነዋሪ መጥተው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስማቸው ሲጠራ ዘወር ብለው ሌላ ንጉሤ ፈለጉ። መጀመሪያ እጄን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ነስሩ። ከዚያማ አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ የሚያይ አንድ ኩሊ እንኳ ሸክሙን መሬት አውርዶ እጁን አነሳ። ሻምበል ለመናገር ተነሱ። ኪሳቸው ውስጥ መሐረብ ፈልገው አጡና በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። ስንት እሳት ውስጥ ገብተው የወጡ ሰው፣ እፊታችን አለቀሱ።

«እኔ እኮ» አሉ «የምትጠሉኝ ነበር የሚመስለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ፊታችሁን አየዋለሁ። ለካ ገብቷችኋል። ለእናንተው ብዬ እንደሆነ ለካ ገብቷችኋል።»

አጨበጨብን። ነስሩ ጎኔ ነበር፤ ይስቃል ብዬ ዞር ስል መሬት መሬት ያያል።

«ምነው አንተ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ሰውየው እኮ አመነን» አለኝ።

ሁለት ወንበር ላይ አይቀመጥም ተባለና እሳት አደጋውን ለሌላ አዛዥ አስረከቡ። ነጋዴው አዋጥቶ ግራጫ ሙሉ ልብስ አሰፋላቸው፤ ልብሱ ጥሩ ነበር፣ እሳቸው ግን ውስጡ እንግዳ ይመስሉ ነበር። ሥራማ ሠሩ፤ አልዋሽም። ክረምት ክረምት የሚያጥለቀልቀንን ጎርፍ የሚያስወጣ ቦይ አስቆፈሩ። መንገዳችን ጥግ ላይ ለእሳት የሚሆን ወፍራም የውሃ ቧንቧ አስተከሉ፤ ሲመረቅ ውሃውን እንደ ሕፃን በእጃቸው እየነኩ ስቀው ነበር። ግን ቅዳሜ ስብሰባ፣ እሑድ ስብሰባ። ያ ዘንግ አልመጣም። አዲሱ አዛዥ አንድ ጊዜ ሰው ልኮ ነበር፤ «ሊቀ መንበራችንን ጠይቁ» ብለን መለስናቸው። መደቤ አንድ ክንድ ወጣች፣ ከዚያ አንድ ተኩል። ከማዶ ያለውም እንደዚያው ወጣ፤ ከእኔ ማዶ ቆሞ ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ ዝርዝር ያቀብለኝ ነበር።

ክረምት ሲቃረብ በመንገዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ እናልብስ አልን፤ ዝናቡ ዕቃ ያበላሻል፣ ገዢም ያሸሻል። ለዚያ ደግሞ መንገዱ ላይ ምሰሶ መትከል ያስፈልጋል። ማመልከቻውን ይዤ ቢሯቸው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ሁልጊዜው አፍ አላት ብለው ነዋ። ሻምበል ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«መኪናውስ ዘነበች? መኪናው በየት ይገባል?»

«ለክረምቱ ብቻ እኮ ነው፣ ሻምበል። መስቀል ሲያልፍ እናፈርሰዋለን።»

ብዕሩን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ያኔ የማልረሳትን ቃል ተናገርኩ። «የመረጥንዎት እኮ እኛ ነን» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ኖሮ ጥዬ እወጣ ነበር። «እውነትሽን ነው» አሉና ፈረሙ።

መስቀል አለፈ፣ ማን ያፍርስ? ሻምበል ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ላኩብን። የመጀመሪያውን አንብበን «እሺ» አልን፤ ሁለተኛውን ነስሩ ፍራሽ ሥር ከተተው። በሦስተኛው በዘንግ መምጣታቸው ነው እያልን ተሳሳቅን።

ኅዳር ውስጥ ነው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ነስሩ ለጁምዓ ሄዷል፣ ሱቁን የማየው እኔ ነኝ። ግን ለአንዲት ደንበኛ የምመልሰው ዝርዝር አጥቼ እስከ ክር ሻጩ ድረስ ደርሼ መጣሁ፤ እዚያም ወሬ ይዞኝ ትንሽ ቆየሁ። ስመለስ ሰው ይጮኻል። ከኋላ ካለው ሱቅ ጭስ ይወጣል፤ አንዱ የመብራት ሽቦ ነው አለ፣ ሌላው ካውያ ነው አለ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ብቻ ስፖንጅና ናይለን ባለበት እሳት ምን ይጠብቃል? ያለበስነው ቆርቆሮ ጭሱን እንደ ክዳን አፍኖ ይዞ እኛው ላይ መለሰው። ቀዩ መኪና ግን ፈጥኖ ደረሰ፣ እሱስ ፈጥኖ ነው የደረሰው። መንገዱ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። የመጀመሪያው ምሰሶ የእኔ ነው፤ ከምሰሶው ጋር የታሰረችው መደብም የእኔ።

ሻምበል ከቀበሌ ቢሮ እየሮጡ መጡ። ያን ግራጫ ኮት አውልቀው ጣሉት፣ ከሾፌሩ መጥረቢያ ቀሙና ምሰሶዬን ሊመቱ አነሱ። መደቧ ላይ ለገና ያስመጣሁት ሻሽ በእስር በእስር ተደርድሯል። ምሰሶው ከወደቀ ቆርቆሮው ሁሉ እላዩ ላይ ነው። ዘልዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ሻሼን! ሻምበል፣ ሻሼን ብቻ ላውጣ!»

«ውስጥ ማን አለ?» አሉኝ እየጮኹ።

«ማንም የለም! ነስሩ መስጊድ ነው!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማርያምን!» አልኳቸው።

መጥረቢያውን አወረዱ። እኔም ሻሼን አወጣሁ። አንዱን እስር፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሦስተኛውን ታቅፌ ስዞር አንዱ ኩሊ «የሐጂ ጫማ! የሐጂ ጫማ መሰላሉ ሥር አለ!» ብሎ ጮኸ። ዝርዝር ፍለጋ በሄድኩበት መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቆጡ ላይ ወጥቶ ተኝቶ ነበር ለካ። ሻምበል መጥረቢያውን ጥለው እንደቆሙ ገቡ። ነስሩን በጀርባቸው አዝለው ወጡ። ሰውነቱን እሳት አልነካውም፤ የገደለው ጭሱ ነው። ፊቱ የተኛ ሰው ፊት ነበር። እኔ ሦስተኛውን እስር እንዳቀፍኩ ቆሜያለሁ፤ ከእጄ ላይ የወሰደልኝ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ስብሰባ ተጠራ፣ እዚያው አዳራሽ። ከላይ የመጡ ሰዎች ፊት ተቀምጠዋል። «ይህን ምሰሶ ማን ፈቀደ?» አሉ። ሻምበል ተነስተው «ፊርማው የእኔ ነው» አሉ። ማን እንዳመጣላቸው አልተናገሩም። «መኪናው ከደረሰ በኋላስ ምሰሶውን ለመቁረጥ ለምን ዘገየ?» አሉ። ሻምበል ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። «እኔ አዘገየሁት» አሉ። ከዚያ በኋላ ይውረዱ የሚል እጁን ያንሳ ተባለ። እጆች ወጡ። አላነሳም ብል ለምን እባላለሁ ብዬ ፈራሁና አነሳሁ። አዎ፣ አነሳሁ። ሻምበል የተነሳውን እጅ ሁሉ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ቀስ ብለው አዩ፤ የእኔም ጋ ሲደርሱ እንደ ሌላው አልፈውት ሄዱ። ወደ እሳት አደጋውም መመለስ አልተፈቀደላቸውም። የሰፈሩ አፈኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ተረተባቸው፤ ሲወጡ የያዙት ያን ግራጫ ኮት ነበር፣ እሱም ያን ቀን በጣሉበት ፍም ወድቆበት ክንዱ ላይ ተቃጥሏል።

ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ። ሱቄን መልሼ ሠራሁ፣ ልጆቼን ዳርኩ። ብሩ ወረቀቱ ተለወጠ፣ ካሴት ቤቱ ሲዲ ቤት ሆነ፣ ከዚያም የስልክ ቀፎ መሸጫ። የነስሩ ሱቅ የነበረበትን ቦታ ያን ሁሉ ዘመን ሳልረግጠው በዳር በዳር አለፍኩ። ሻምበል አብነት አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ከልጃቸው ከትርሲት ጋር እንደሚኖሩ እሰማለሁ፤ ሚስታቸው ቀደም ብለው ነው የሞቱት። አንድ ጊዜ አብነት መጋጠሚያው ላይ ፊት ለፊት መጡብኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ሱቅ ውስጥ ገባሁ። አይተውኛል። እንዳላዩ ሆነው አለፉልኝ፤ ይህችንም ጨምረው አለፉልኝ።

በመጨረሻ ታመዋል ሲባል ሄድኩ። ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ፤ ለዚያ ሁሉ ዕዳ ሁለት ኪሎ ብርቱካን! ትርሲት በሩን ከፈተችልኝ፤ እሷም ጠጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ሻምበል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ፈዟል፣ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው።

«ማነው?»

«ዘነበች ነኝ፣ ሻምበል። ሻሽ ነጋዴዋ።»

«ዘነበች!» ብለው ሊነሱ ሞከሩ። «ነይ፣ ነይ ተቀመጪ። ትርሲት፣ ሻይ አፍይልን። ይቺ እኮ ናት! ያ የነገርኩሽ ቀን፣ መጀመሪያ እጇን ያነሳችው ይቺ ናት!»

ትርሲት ሳቀች። «ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ተረት ነው የሚያወራልኝ፣ እትዬ» አለችኝ። «እራት ላይ ሳይቀር።»

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ሦስቱ እስር ሻሽ፣ ስለ አፌ። ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። «ተይው» አሉኝ። «ሰው ሲደነግጥ እጁ የያዘውን አይለቅም። ገብቼ ማየት ነበረብኝ፤ የሰው ቃል ሰምቶ የሚቆም እሳት አጥፊ የለም። እሱ የእኔ ነው።» ከዚያ ፊታቸው በራ፣ ያን ቀን ማውራት ጀመሩ። እኔ የረሳሁትን ሁሉ ያውቁታል። መስኮቱ ተሰብሮ ካርቶን ተለጥፎበት ነበር አሉ። ነስሩ ቡኒ ሹራብ ለብሶ ነበር አሉ። ኩሊው ሸክሙን እንዴት እንዳወረደ እጃቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው አሳዩኝ። «የወረድኩበት የሚቆጨኝ ይመስላቸዋል» አሉ። «አይቆጨኝም። ሕይወቴን ሙሉ የሰው ዕቃ ሳስገባ፣ ሰው ሲያኮርፈኝ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሰው ተረዳኝ። ስንቱ ነው ይህን ሳያይ የሚሞት?»

ዝም ብል ምን ነበረበት? አፌን ምነው በቆረጠው! ግን ሳይገባኝ የተሰጠኝ ምስጋና ከስድብ ይልቅ አቃጠለኝ። ተንፍሼ ልገላገል አልኩ፣ ለእሳቸው አስቤ አይደለም፣ ለራሴ ነው።

«ሻምበል፣ ያን ቀን እጃችንን ያነሳነው ወደንዎት አይደለም» አልኩ። «ከቅዳሜ ልናስቀርዎት ነው። ዘንግዎን ልናስጥልዎት። ዕድር ላይ ተመካክረን ነው። ሐሳቡም የእኔ ነው።»

ትርሲት ሻይ ልታመጣ ጓዳ ነበረች፤ አልሰማችም። ሻምበል ፊታቸውን ወደ እኔ እንዳዞሩ ቀሩ።

«ነስሩም?» አሉ።

«ነስሩም።»

«ያ ኩሊስ? በሩ ላይ የነበረው?»

«እሱን እንጃ፣ ሻምበል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለምን ነገርሽኝ?» አሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

«ከበደኝ። ስንት ዘመን ተሸከምኩት።»

«አዬ ዘነበች» አሉ። «እኔ እኮ ከዚያ ሁሉ ያስቀረሁት ያቺን ቀን ብቻ ነበር።»

ሻዩ መጣ። ጠጣን። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ስኳር አወራን። ስወጣ እንደ ጥንቱ «ልጆች ደህና?» ብለው ጠየቁኝ። «ደህና ናቸው» አልኩ።

ሰባት ወር አልቆዩም። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ጥቂት ነበር። ከድሮው መንገድ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የቀሩት ወይ ሞተዋል ወይ ረስተዋል። ትርሲት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ዘነበች» አለችኝ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባባ እርስዎ ከመጡ ወዲያ ያቺን ቀን አንስቶ አያውቅም። ደስ ይለዋል ብዬ አንድ ማታ እኔው ባነሳበት 'የቱ ቀን?' አለኝ። ምን ሆኖ ነው?»

እውነቱን መናገር ያኔ ነበር። አንድ ጊዜ እውነት ተናግሬ አባቷን ምን እንዳደረግኳቸው ሳስብ ተውኩት።

«እርጅና ነው ልጄ» አልኳት። «ሰው ይረሳል።»

አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።